የሰባት ቤት ተከራዮች

ግራዋ የሸተተኝ ዕለት ሰው ባያናግረኝ እመርጣለሁ። በቀደም ለተዝካር ዳንግላ ሄጄ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ሴቶች ጋን በግራዋ ሲያጥቡ ደረስኩባቸው። ያ መራራ፣ አረንጓዴ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ የያዝኩትን ትሪ መሬት አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። "ምነው እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ አንዷ። ምን ያመኛል! እናቴ ትዝ ብላኝ ነው። የእናቴ እጅ የሚሸተው እንዲያ ነበር። ጠላ ነጋዴ ነበረች፤ ጋኗን በግራዋ ታሻለች፣ በወይራ ታጥናለች፣ ከዚያ ነው ጌሾዋን የምትጥል። ሰው ስለ እናቱ ሲያወራ ይጨምራል ይባላል። እኔ አልጨምርም፤ እንዲያውም ብቀንስ ነው።

ለሴቶቹ ፈንጣጣ የገባበትን ዓመት ባነሳባቸው አላወቁትም። ከየት ያውቁታል፣ ያኔ አልተወለዱም። እኔም ብሆን የፊት ጥርሶቼ ገና መውለቃቸው ነበር።

የምንኖረው እዚያው ዳንግላ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ካለ አንድ ረጅም የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ሰባት ክፍል ባንድ ጣሪያ ሥር ተደርድሮ፣ ሰባት በር፣ ሰባት ምድጃ፣ አንድ ግቢ። የመጀመሪያው ቤት የሸማኔው የአያ ደምሌ ነው፤ የመጨረሻው የእኔና የእናቴ። በመካከል ያሉትም ልብስ ሰፊ፣ በርበሬ ቸርቻሪ፣ ጭነት አውራጅ፣ ሁሉም የገበያ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሸጠ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይበላል፤ ካልሸጠ እርስ በርስ ይበዳደራል። ባለቤቱ ባላምባራስ ይስማው የሚባሉ የፋግታ ሰው ናቸው። ወር በገባ ቁጥር በፈረስ ይመጡና ከአጥሩ በር ላይ ሆነው "ሰባት ቤቶች! አላችሁ?" ይላሉ። እኛም ከየበራችን ብቅ ብቅ እንላለን። አያ ደምሌ ቀስ ብሎ፣ "ቤት የእግዜር ነው ይላሉ፤ ኪራዩን ግን ባላምባራስ ይቀበሉለታል" ይልና ያስቃል።

ባላምባራስ ሲቆጡም ሲደሰቱም አንድ ንግግር አላቸው፤ "እኔ የሰባት ቤት አገው ልጅ ነኝ!" ይላሉ። በርስት ይሟገቱ ስለነበር ከፍርድ ቤት በተመለሱ ቁጥር በራችን ላይ ቆመው ሙግቱን ላያ ደምሌ ይተርኩለታል። ሲጨርሱ "የሰባት ቤት ልጅ ከቤቱ አይነቀልም!" ብለው ፈረሱን ይኮለኩላሉ። ሰባት ቤት አገው ማለት አገሩ ሁሉ፣ ከሰባት ወንድማማቾች የወረደው ሕዝብ ሁሉ መሆኑን ማን ነገረኝ? እኔ የማውቀው ሰባት ቤት አንድ ነው፤ እሱም የኛው ነው። እንግዲያው ባላምባራስ የተወለዱት ከነዚህ ክፍሎች ባንዱ መሆን አለበት።

"አያ ደምሌ፣ ባላምባራስ በስንተኛው ቤት ነው የተወለዱት?" ብዬ ጠየቅሁት።

መወርወሪያውን አቆመና ትክ ብሎ አየኝ። "በናንተው ቤት ነው እንጅ። እዚያ መደቡ ላይ" አለኝ፣ ሳይስቅ።

አመንኩት። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያዘኝ ጠዋት ጠዋት መደቡን እበት እቀባ ጀመር። አንድ ባላምባራስ የተወለደበት መደብ ላይማ አቧራ አይቀመጥም። እናቴ "ምን ነካት ይች ልጅ፣ ሽማግሌ ሊመጣባት ነው እንዴ?" እያለች ትገረማለች።

የእናቴ ስም ውድነሽ ነው። ስሟን የሚጠራው ግን ጥቂት ሰው ነው። ልጅ ሆና ፈንጣጣ ይዟት ተርፋ፣ ፊቷ ከግንባሯ እስካገጯ ተበሳስቶ ነበር። ጠጭዎቿ "ወንፊት" ይሏታል። "ወንፊት፣ እስቲ ድገሚኝ!" ይላል አንዱ። እሷ ቅር አይላትም። "ወንፊት ባልሆንማ ጠላው በምን ይጠራልህ ነበር?" ትለውና ትቀዳለታለች፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔ ነኝ የማልስቀው። የሰፈር ልጅ "የወንፊት ልጅ!" ሲለኝ አንቀዋለሁ። አንዱን ነክሼዋለሁ፣ ያውም በሌለ ጥርሴ።

ፈንጣጣው የገባው ጥቅምት ላይ ነው። ገበያው መሐል ነጋሪት ተጎሰመና አዋጅ ነጋሪው ጮኸ፤ "የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! ፈንጣጣ ገብቷል! ገበያ ተዘግቷል፣ ጠላ ቤት ተዘግቷል፣ ከታመመ ሰው ደጅ እንዳትደርስ!" እኔ ፈንጣጣን ሰው አድርጌው ቁጭ አልኩ። "ገብቷል" ካሉማ በአውቶቡስ ነው የገባው። ከባሕር ዳር የሚመጣው አውቶቡስ ሲቆም አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ አይ ነበር። ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ቀጭን፣ ሻንጣ የያዘ አንድ ሰውዬ ሲወርድ አይቼ "መጣ! ፈንጣጣ መጣ!" ብዬ ስጮህ፣ ሰውዬው ምስኪን ሻንጣውን ጥሎ ሊሮጥ ምንም አልቀረው። ኋላ ሲጣራ አስተማሪ ነው።

ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ከታቢዎች መጥተው ክንዳችንን ጫሩን። የኔ አበጠ፣ አመረቀዘ፣ ቅርፊት ይዞ ወደቀ። እናቴ ጠባሳውን በጣቷ ዳሰሰችና "ተመስገን፣ አንችስ ክንድሽ ላይ ቀረልሽ" አለች።

ገበያ ሲዘጋ ከተማ ምን እንደሚመስል ያላየ አያውቀውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የአህያ ጩኸት፣ የበርበሬ ማነጠስ፣ የቅቤ ሽታ የሞላበት ሜዳ ቁራ ብቻ ሆነ። ጥጥ የሚያመጣ ባላገር ጠፍቶ የአያ ደምሌ ሸማ መሥሪያ ዝም አለ። የልብስ ሰፊው መኪና በጨርቅ ተሸፈነ። እናቴ በራችን ላይ በእንጨት የሰቀለችውን ጣሳ አወረደች፤ ጣሳ የሌለበት ደጅ ጠላ የለም ማለት ነው። የጠመቀችው ሆመጠጠና ከነአተላው ደፋችው፤ የሰፈሩ ዶሮ ለቃቅሞ ሰክሮ ሲንገዳገድ ዋለ። የዚያን ቀን ሰባቱም ቤት ወጥቶ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልሳቅንም። የምንበላው ድንች ነው፤ ጠዋት ድንች፣ ማታ ድንች፤ ያለው ለሌለው እያካፈለ።

ኪራይ ሳይከፈል አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ባላምባራስ መጡ። አፍና አፍንጫቸውን በኩታቸው ሸፍነው፣ ፈረሱን ከሩቅ አቁመው ጮኹ።

"ሰባት ቤቶች! ዛሬስ ምን አላችሁ?"

"ገበያ ተዘግቷል፣ ባላምባራስ። ምን ሠርተን እንስጥዎት?" አለ አያ ደምሌ።

"ሙግቱ አልተዘጋብኝም! ዳኛው 'ፈንጣጣ ገብቷልና ተወው' አላለኝም! አንድ የጫግኒ ነጋዴ ሰባቱንም ክፍል ለእህል መጋዘን ፈልጎታል፤ ኪራዩን ባንድ ጊዜ ይሰጠኛል። ቤቴን ልቀቁ!"

ሴቶቹ ጭንቅላታቸውን ያዙ። በዚያ ውርጭ፣ በዚያ በሽታ፣ ማን በሩን ከፍቶ ያስገባናል? ከከተማ የመጣ ሰው የትም ቢሄድ በድንጋይ ነው የሚመልሱት። እናቴ ክንዴን ይዛኝ ነበር፣ አመለጥኳት። ሮጬ መሐል ግቢ ቆምኩ።

"ባላምባራስ!" አልኩ፣ በሌለ ጥርሴ እየተንተፋተፍኩ። "እኛም እንደርስዎ የሰባት ቤት ልጆች ነን! የሰባት ቤት ልጅ ከቤቱ አይነቀልም!"

ባላምባራስ ኩታውን ካፋቸው አወረዱት።

"ማን ነው ያለሽ?"

"እርስዎ ነዎታ! እኔስ የሰባተኛው ቤት ልጅ ነኝ። እርስዎ የተወለዱበትን መደብ በየቀኑ እበት የምቀባውም እኔ ነኝ!"

አያ ደምሌ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ባላምባራስ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ሳቁ ከሆዳቸው ፈነዳ። ፈረሱ ደንብሮ አንድ ጊዜ ዞረባቸው። "ወይ ጉድ! እኔ ይስማው፣ ከጠላ ሻጭ መደብ ላይ ተወልጄ!" እያሉ እንባቸውን ጠረጉ። እኔ ምን እንዳሳቃቸው ባላውቅም ደረቴን ነፍቼ ቆሜ ነበር። "በሉ፣ በዚች ልጅ ምላስ እስከ ጥምቀት ማግሥት ሰጥቻችኋለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ወለም ዘለም የለም" ብለው ሄዱ። አያ ደምሌ አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። እናቴ ግን "ምላስሽን ቆጥቢው፣ ገና ብዙ ቀን አለብሽ" ነበር ያለችኝ።

ከገና በፊት አንድ ሰው ከፋግታ መጥቶ ከአጥሩ ማዶ ተጣራ። የባላምባራስ አሽከር ነው። በሽታው እሳቸው ቤት ገብቷል። አንዲት ልጃቸው ሞታለች፤ ቀባሪ ጠፍቶ እሳቸውና አንድ ቄስ ብቻ ነው የቀበሯት። አሁን ደግሞ የልጅቱ ልጅ፣ ገና ሕፃን፣ በዚያው በሽታ ወድቋል። ቤተሰቡ ሸሽቷል። ባላምባራስ ፈንጣጣ ይዟቸው ስለማያውቅ ቄሱ እንዳይገቡ ገዝተዋቸዋል። "አንዴ የያዘውን ዳግም አይዘውም። ፈንጣጣ ያለፈበት ሰው ፈልግ ተብዬ ነው" አለ አሽከሩ፣ ዓይኑን እናቴ ፊት ላይ ተክሎ።

አያ ደምሌ ቀድሞ ተናገረ። "በይ ውድነሽ፣ አሁን ነው ጊዜው! መጀመሪያ ኪራዩን ይማሩን በያቸው!"

"በታመመ ልጅ ገበያ አልወጣም" አለች እናቴ። ነጠላዋን አጣፋች። እኔን የሚያስጠጋ ጎረቤት እንዳይቸገር ብላ "እሷም ተከትባለች፣ ይዣት እሄዳለሁ" አለችና ተነሳን።

የባላምባራስ ግቢ በቀርቀሃ የታጠረ፣ ሰፊ ነው። በሩ ላይ በሽታ መኖሩን የሚያሳይ እሾህ ተጋድሟል። ባላምባራስ ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ኩርምት ብለዋል። ያለ ፈረሳቸው ትንሽ ሰው ነበሩ፤ በጣም ገረመኝ። እናቴ እሾሁን በእግሯ ገፋ አድርጋ ገባች።

ቤቱ ጨለማ ነው፤ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። ልጁ አስማረ ይባላል። ፊቱ ከማበጡ የተነሳ ዓይኑ የት እንዳለ አይታይም፤ የተኛበት ቁርበት ከገላው ተጣብቋል። እናቴ መስኮቱን ከፈተች። ከጓሮ የኮባ ቅጠል ቆርጣ አነጠፈችለትና በውሃ እያራሰች ከቁርበቱ አላቀቀችው። ሲያለቅስ አብራው ታለቅሳለች፣ እጇ ግን አይቆምም። እንዳያክ ጣቶቹን በነጠላዋ ቁራጭ አሰረች። አጥሚት በትንሽ ቅል ጠብ ጠብ ታደርግለታለች። ልጁ የሚያውቀው አገውኛ ብቻ ነው። እናቴ አገውኛዋ የገበያ ነው፤ ዋጋ መጠየቅና መሳደብ ነው የምትችለው። ስታባብለው ምን ብላው እንደሆነ እንጃ፣ ባበጠ ከንፈሩ ሳቀባት። "ሳቅ ከሳቀማ ይተርፋል" አለችኝ።

የኔ ሥራ ወሬ ማመላለስ ነበር። ባላምባራስ ከአጥሩ ማዶ "ጠላ ሻጯ! እንዴት አደረ በያት!" ይላሉ። ገብቼ እነግራታለሁ። "አድሯል በያቸው" ትላለች። ወጥቼ እነግራቸዋለሁ። "ውሃ ጠጣ?" ይላሉ። እመለሳለሁ። አንዳንዴ እሷ ሳትልከኝ "ድንችም በላ" እላቸዋለሁ፣ ደስ እንዲላቸው። ኧረ እንዴት ያለ ሰማይ የሚያስነካ ደስታ ነበር የሚሰማቸው፣ በአንድ ባልተበላ ድንች!

ልጁ ዓይኑ ሲገለጥ መጀመሪያ ያየው የእናቴን ፊት ነው። ትንሽ አየት አደረጋትና የራሱን ጉንጭ በታሰረ እጁ ነካ። አንድ ነገር ጠየቃት። እናቴ የሰማችውን ነገረችኝ፤ "እኔም እንዳንች ልሆን ነው?" ነው ያላት። "አዎ" ብላ በአገውኛ መለሰችለት፤ የቀረውን በአማርኛ ነው ያለችው። "እኔ ደግሞ ይኸው አለሁ። ጠላ እጠምቃለሁ፣ ልጅ አሳድጋለሁ፣ ያንተ ዓይነቱን ባለጌ አጥባለሁ።" ያን ቀን ነው የእናቴን ፊት ደኅና አድርጌ ያየሁት። ቆንጆ ነበረች። ይህን ስል ልጅነቴ ነው የሚያናግረኝ እንዳትሉ፣ እውነቴን ነው። የባላምባራስ ዘመድ ሁሉ፣ ለስላሳ ፊት ያለው ሁሉ በሸሸበት ቤት የገባች ያች ፊት ናት።

ቅርፊቱ ሁሉ ከረገፈ በኋላ ገላውን አጥባ፣ አልብሳ፣ እጁን ይዛ እሾሁ ድረስ አወጣችው። ባላምባራስ ከአፈር ላይ ተንበርክከው አቀፉት፤ ስለሞተችው ልጃቸው እያነሱ እዬዬ ብለው አለቀሱ። እናቴ ፊቷን አዙራ ጠበቀቻቸው። ሲረጋጉ ዓይናቸውን ጠርገው ተነሱ።

"ስሚ፣ ውድነሽ። ያንችን ቤት ትቼልሻለሁ። እስክትሞች ኑሪበት፣ ኪራይ የሚባል አልጠይቅሽም። ስድስቱን ነው ለጫግኒው የምሰጥ።"

የእናቴን ቀሚስ ጎተትኩ፣ እሽ እንድትል። እሷ መቀነቷን አጠበቀች።

"ስድስቱ ቤት ሰዎችስ ወዴት ይሂዱ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? አንችን ነው እያልሁ ያለሁት!"

"እንግዲያው እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ባላምባራስ፣ እኛ ምሕረት አልለመንንዎትም፤ ጊዜ ነው የለመንንዎት። ገበያ ሲከፈት ሁላችንም እንከፍልዎታለን። ለብቻዬ ከሆነ አልፈልግም።"

"ደሀ ሆነሽ ይህ ሁሉ ኩራት!" ብለው ጮኹ። ልጁ ደንግጦ እግሯ ሥር ተወሸቀ።

"እሱም ከሌለኝ ምን ቀረኝ?" አለች። የልጁን ራስ ሳም አድርጋ፣ እጄን ይዛ ሄደች።

መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ነው የተጓዝኩት። ተናድጄ ነው። "ቤት ሰጡን እኮ! ሰጥተውን እኮ ነበር!" እላለሁ። ጥቂት ሄደችና ቆመች። "አያ ደምሌ ሜዳ ላይ ወድቆ፣ እኔ ቤት ገብቼ ጠላ የምጠምቀው ለማን ነው? ማን ሊጠጣልኝ?" ዳንግላ ስንገባ ስለ ስድስቱ ቤት ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ አልቻልኩማ! አያ ደምሌ ሲሰማ ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ዳር ተቀመጠ። ከዚያ "ውድነሽ፣ ምነው ምን በደልንሽ፣ እንዲህ ያለ ዕዳ የምታሸክሚን?" አላትና ዓይኑን ጠረገ።

የጥምቀት ማግሥት ደረሰ። ገበያው አሁንም እንደተዘጋ ነው። ሌላ ምርጫ ስላልነበረ ዕቃችንን አወጣን። የሸማ መሥሪያው እንጨት ታስሮ ግቢው ውስጥ ተጋድሟል፤ የስፌት መኪናው ድንች ከረጢት ላይ ተቀምጧል፤ የእናቴ ጋኖች በራችን አጠገብ ተደርድረዋል። ወዴት እንደምንሄድ ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጠይቅም። የጫግኒው ነጋዴ አህዮቹን ጭኖ መጣ። አሽከሮቹ የመጀመሪያውን ጆንያ አውርደው ወደ አያ ደምሌ ቤት ሲያመሩ ባላምባራስ በፈረስ ደረሱ። ወረዱ። ማንንም ሰላም ሳይሉ፣ ዕቃውንም፣ እኛንም፣ ጆንያውንም እያዩ ጥቂት ቆሙ።

"መልሱት" አሉ።

ነጋዴው ዞረ። "ምኑን?"

"ጆንያውን። ቤቱ ሰው አለበት።"

"ምን ዓይነት ሰው? የማይከፍል ሰው?"

"ገበያ ሲከፈት ይከፍሉኛል። ቤቱ ሰው አለበት አልኩህ፣ እህልህን ሰው ወደሌለበት ውሰድ!"

ከፍለናቸዋልም፤ ሰባታችንም፣ ሳናስቀር። ይህን የምለው በነፃ ኖሩ የሚል እንዳይኖር ነው። የዚያን ለት ግን ማንም ደስታውን ለመግለጽ አልደፈረም። ጆንያው ወደ አህያው ሲመለስ ሁላችን ቆመን እናያለን። ባላምባራስ ግቢውን አቋርጠው እኔና እናቴ ወደቆምንበት መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"በሉ እንጅ፣ ዕቃዎን ያስገቡ። እርስዎ ውጭ ቆመው እኔ እንዴት ልሂድ?" አሉ።

እናቴን እርስዎ የሚል ሰው በሕይወቴ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ከኋላችን የቆመው ትልቅ ሰው ማን እንደሆነ ለማየት ዞር አልኩ። ከኋላችን ግድግዳው ብቻ ነበር።